ታዳጊ ሯጭ ከመመልመሉ በፊት ዘረመሉ ይመርመር?

አሰልጣኝ፣ አሰላ፦
ወገኖቼ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ከማሠለጥናቸው 17 ታዳጊዎች መካከል አንዲት የ400 ሜትር ሯጭ አለች። ባለፈው ዓመት ቋንጃዋን ሁለት ጊዜ ተጎዳች። ሁለተኛው የደረሰባት መጨረሻው ኩርባ ላይ ነበር። ስሮጥ ደርሼ ሳያት የቲሸርቷን አንገት በጥርሷ ነክሳ ተቀምጣለች፤ ድምፅ አላሰማችም። አሁን አንድ ወዳጄ በምራቅ የሚደረግ የዘረመል ምርመራ እንዳለ ነገረኝ። ጡንቻው ቶሎ የሚጎዳውን ልጅ አስቀድሞ ይለያል አለኝ። የሚመጣውን ዓመት ምልመላ በዚህ ብጀምረውስ? ልጆቹን ከከንቱ ልፋት ያድናቸው ይመስለኛል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦
አሰልጣኝ፣ ሐሳቡ ከርኅራኄ እንደመጣ ይገባኛል፤ ለምልመላ መዋሉን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። እነዚህ ምርመራዎች በብዛት የሚያነሱት ኤሲቲኤን3 የተባለውን ዘረመል ነው። ፈጣን የጡንቻ ክሮችን አጽንቶ የሚይዝ ፕሮቲን የሚሠራው እርሱ ነው። ከእናትም ከአባትም የማይሠራውን ቅጂ የወረሰ ሰው ፕሮቲኑ ጭራሽ የለውም። በሽተኛ ግን አይደለም፤ በዓለም ላይ ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዎች አንዱ እንዲህ ነው። ጡንቻቸው ቶሎ እንደሚጎዳ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ውጤቱ ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል።

ጉዳዩ እኛ ዘንድም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ፕሮቲኑ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን 11 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ኬንያውያን 1 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮችና በተራው ሕዝብ መካከል ግን በሁለቱም አገሮች ልዩነት አልታየም። በዚህ ምርመራ ስንቱን ጎበዝ ከበር እንመልስ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች የጋራ አቋምም ምርመራው ለታዳጊዎች ምልመላ ቦታ እንደሌለው በግልጽ አስፍሯል።

የቀድሞ ሯጭ፦
እኔ በሥጋዬ ያየሁትን ልናገር። ባቴ ሦስት ጊዜ ተጎድቶ በ24 ዓመቴ ሩጫ አቆምኩ። ወጌሻው አሽቶ ይመልሰኛል፣ አሰልጣኜ «ሰነፍ» ይለኛል። ሰውነቴ ከጓደኞቼ ዘግይቶ እንደሚያገግም የሚናገር አንድ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ ማን ሰነፍ ይለኝ ነበር? የባርሴሎና እግር ኳስ ክለብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት የተጫዋቾቹ የዘረመል ልዩነት ከጉዳታቸው ክብደትና ለማገገም ከሚፈጅባቸው ጊዜ ጋር እንደሚያያዝ ጽፈዋል። ሀብታም ክለብ ያወቀውን የእኛ ልጅ ለምን አይወቅ?

እናት፣ ሜሪላንድ፦
ልጄ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መሮጥ ሲጀምር የሲክል ሴል፣ ማለትም በዘር የሚወረስ የደም በሽታ፣ ምርመራ ውጤት አምጣ ተባለ። ደንቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 የራይስ ዩኒቨርሲቲ የ19 ዓመት ተጫዋች ከከባድ ልምምድ በኋላ በመሞቱ ነው። የበሽታውን ዘረመል ከአንዱ ወላጁ ብቻ ወርሶ ተሸካሚ ነበር፤ ይህ ቀድሞ አልታወቀም። ወላጆቹ ከሰሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ምርመራው በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ከፍተኛ እርከን፣ በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ ደንብ ሆነ። ተሸካሚ የሆነ ልጅ ከቡድን አይባረርም፤ ልምምዱ ይስተካከልለታል። ያም ሆኖ ቅጹን ስፈርም እጄ ተንቀጠቀጠ። የእናንተ ወረቀትስ በማን እጅ ይቀመጣል? በልጅቷ? በእርስዎ? በክለቡ?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦
እህቴ፣ ያነሱት ምሳሌ ትልቅ ነው። ወደ 48,000 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። ተሸካሚዎቹ በከባድ ልምምድ ምክንያት ጡንቻቸው የመፈራረስ ዕድሉ ከሌሎቹ በ54 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሞት ላይ ግን ልዩነት አልነበረም። ሠራዊቱ ውኃውን፣ ዕረፍቱንና ሙቀት መልመዱን ለሁሉም ወታደር ደንብ አድርጎት ነበር። ዘረመሉ ያመጣው አደጋ እውነት ነው፤ ጥንቃቄው የተደረገው ግን ማንንም ሳይለይ ነው።

ወንድሜ ሯጩ፣ በደረሰብዎት አዝናለሁ። «አሞኛል» ሲሉ የሚያምን አሰልጣኝ ይገባዎት ነበር፤ ለዚህ ወረቀት መጠየቅ አልነበረብዎትም።

የቀድሞ ሯጭ፦
አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ለራሴ ግን፤ ለመልማይ አይደለም።

አሰልጣኝ፣ አሰላ፦
ሌሊቱን የልምምድ ደብተሬን ሳገላብጥ አደርኩ። ልጅቷ መጀመሪያ ከተጎዳች በኋላ አስፋልት ላይ ያስሮጥኳት በ11ኛው ቀን ነው። ውድድር ቀርቦ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ስትለኝ አመንኳት። ምራቋ ውስጥ የምፈልገው ነገር በእኔ እጅ ተጽፎ ተቀምጧል።

ባለሙያው፣ ተንበርክከው፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞላቸው፣ ወደ ፊት ቀስ እያሉ የሚወርዱበትን የቋንጃ ማጠንከሪያ እንዴት እንደምጀምር ይጻፉልኝ። በሳምንት ስንት ቀን? ስንት ጊዜ? ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከ17ቱም ጋር እጀምራለሁ።