ከማኅበራዊ ሚዲያ ያወረድኩት ጽሑፌ አልነበብ አለኝ

ማኅበራዊ ሚዲያ በቃኝ ብዬ የራሴን ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። ዶሜይኑ ተገዝቷል፤ ገጹንም በሁጎ (Hugo፣ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) አዘጋጅቻለሁ። የቀረኝ የ9 ዓመት ጽሑፌን ማዛወር ነው፤ ወደ 1,400 ልጥፍ። አካውንቱን ገና አልዘጋሁትም፤ ሁሉንም ግን በጄሰን (JSON፣ ዳታ በጽሑፍ መልክ የሚቀመጥበት ቅርጸት) ፋይል አውርጃለሁ።

ፎቶዎቹና ቀኖቹ ደህና ናቸው። አማርኛው ግን ድራሹ ጠፍቷል። በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ሦስት ሦስት የዩኒኮድ ኮዶች (የፊደላት መለያ ቁጥሮች) ተደርድረዋል። እንግሊዝኛው ምንም አልሆነም (እሱማ መቼ ይነካል!)።

ፋይሉን በኤዲተር ከፍቼ ኢንኮዲንጉን (ፊደላት ወደ ባይት የሚቀየሩበትን ዘዴ) ዩቲኤፍ-8 አደረግኩት፤ ወይ ፍንክች። ቀጥሎ አንድ ልጥፍ ብቻ ቀድቼ ፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ውስጥ አስገባሁ። ላቲን-1 በሚባለው ሌላ ኢንኮዲንግ ወደ ባይት ቀይሬ መልሼ በዩቲኤፍ-8 ሳነበው አማርኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ። በደስታ ሙሉውን ፋይል እንደ ተራ ጽሑፍ ከፍቼ ያንኑ ብሞክር ግን ምንም አልተለወጠም። የስህተት መልእክት እንኳ የለም። 1,400 ልጥፍ አንድ በአንድ መቅዳት ደግሞ አይሞከርም።

መጀመሪያ ጄሰኑን በፓይተን አስነብቤ እያንዳንዱን ጽሑፍ ለየብቻ ልቀይር፣ ወይስ ሙሉውን ፋይል በአንዴ የሚያስተካክል መንገድ አለ?