የጉዲፈቻው መዝገብ ሳይዘጋ ወደ አሜሪካ ደርሶ መመለስ፦ ከቀጠሮው በፊት ወይስ በኋላ?

የለገጣፎ ነዋሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ አለኝ። የሟች እህቴን ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ መስከረም መጨረሻ ላይ መጥቼ፣ ለገጣፎ ቤት ተከራይተን አብረን እየኖርን ነው። ልጅቷ 6 ዓመቷ ነው። አባቷ ፈቃደኛ ነው፤ «ታሳድጋት» የሚል ወረቀትም ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ፈርሞልኛል። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ባለቤቴ አሜሪካ ነው፣ እሱም በግሪን ካርድ።

ከቀጠሮው በፊት ደርሼ ልምጣ ወይስ በኋላ? አብረን የኖርንባቸው 7 ወራት ለቪዛዋ ከሚጠየቀው 2 ዓመት ላይ ይቆጠራሉ? እስክመለስስ ማን ጋ ብትቆይ ይሻላል?

ሰነድ አዋቂ

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስ በእሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሁለት ነገር ለየብቻ ይቆጥራል። አንደኛው አብሮ መኖር ነው፣ ሌላው ሕጋዊ አሳዳጊነት። ሁለቱም 2 ዓመት መሙላት አለባቸው። አብሮ መኖሩ ከጉዲፈቻው በፊት ያለውንም ይጨምራል፤ ስለዚህ 7ቱ ወራት በዚያ በኩል አልባከኑም። ሕጋዊ አሳዳጊነት ግን የሚጀምረው ፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል ከወሰነበት ቀን ነው። አባትየው የፈረመው ወረቀት ማኅተም ቢኖረውም በግል የተደረገ ስምምነት ነውና ከዚህ አይገባም። ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ 2 ዓመት ሙሉ ጠብቀው ፋይል ሲያስገቡ ቆጠራው ገና ከውሳኔው ቀን መጀመሩን ይሰማሉ።

ስለዚህ ቀጠሮውን ትተሽ አትሂጂ። ቀጠሮው በ1 ወር ከተገፋ ሕጋዊው 2 ዓመትም በ1 ወር ይገፋል።

ቀኖቹ በተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ ተቆራርጠው ይደመራሉ። አጭር ጉዞ መኖሪያሽን አይለውጠውም፤ ሆኖም ለጥርጣሬ ቀዳዳ እንዳይኖር ከልጅቷ የተለየሽባቸውን ቀናት ሳትቆጥሪ 730 ቀን ሙዪ። ማስረጃውን ከዛሬ ጀምረሽ ሰብስቢ፦ የተመዘገበ የኪራይ ውል፣ አሳዳጊ ተብለሽ ስምሽ የሰፈረበት የትምህርት ቤት ምዝገባና የክፍያ ደረሰኝ፣ የክትባት ካርድ፣ የጤና ጣቢያ ወረቀት፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ። አንድ ትልቅ ደብዳቤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከማጻፍ፣ በየወሩ የተቆረጠ ትንሽ ደረሰኝ ይበልጣል።

እስክትመለሺ እናትሽ ጋ ብትቆይ ጥሩ ነው። አባቷ ቤት ግን አትተያት። ልጁ ከወላጁ ጋር ከኖረ፣ የወላጅነቱን ሥራ ማን ነው የያዘው የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ማስረዳቱም ያንቺ ዕዳ ይሆናል። ውሳኔው እንደወጣ ለእናትሽ ለሕክምናና ለትምህርት ቤት ጉዳይ የሚሆን ውክልና ስጪያቸው።

ሻንጣና ቀጠሮ

እኔ የግሪን ካርዱን ብቻ ልናገር። ከአሜሪካ ከወጡ 180 ቀን አልፎዎታል፤ ስለዚህ ሲመለሱ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመሩ ይችላሉ። ይህ ካርዱን አያስቀማም፤ ያስጠይቃል እንጂ። የታክስ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ወይም የሞርጌጅ ሰነድ፣ የባንክ መግለጫ፣ እንዲሁም የፍርድ ቤቱን መዝገብ ግልባጭ ከነትርጉሙ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። የቆዩበት ምክንያት የሚታየው በመዝገቡ ነው። መኮንኑ አይ-407 የሚባለውን ካርድ የመመለሻ ቅጽ «ፈርሚ» ቢልዎ አይፈርሙ። ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ይታይልኝ ማለት መብትዎ ነው።

ዋናው ወሰን 1 ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ከአሜሪካ ከወጡበት ቀን እንጂ ቦሌ ከደረሱበት ቀን አይደለም። ያ ቀን ካለፈ ካርዱ ብቻውን አያስገባም፤ ኤምባሲ ቀርቦ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ ሊመጣ ነው፣ እሱም የዘገዩት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ይጠይቃል።

መፍትሔው ሪ-ኤንትሪ ፐርሚት (ውጭ ለሚቆይ ግሪን ካርድ ያዥ የሚሰጥ የመመለሻ ፈቃድ) ነው፤ ቅጹ አይ-131 ይባላል፣ ሲፈቀድ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል፣ አይራዘምም። ሲያመለክቱ በአካል አሜሪካ ውስጥ መሆን ግድ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ መላክ፣ ወይም ባል ፈርሞ እንዲያስገባ ማድረግ ከንቱ ነው። በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ያስገቡ፤ ዘመድ ጥየቃው ይቆይ። ከዚያ የጣት አሻራ ቀጠሮ ይመጣል፤ አሻራ ሳይሰጡ ከወጡ ለዚያው ዳግም መመለስ ሊኖርብዎ ነው። ፈቃዱ እስኪወጣ መጠበቅ ግን አያስፈልግም፤ ቅጹ ላይ አዲስ አበባ ኤምባሲ እንዲላክልዎ መምረጥ ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፐርሚቱ ካርድዎን ይጠብቃል እንጂ ለዜግነት የሚቆጠረውን ያልተቋረጠ ነዋሪነት አይጠብቅም። ታክስም በነዋሪነት ያሳውቁ፤ «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ መሙላት ካርዱን በገዛ እጅ እንደ መተው ነው።

የመዝገብ ቤት ሰው

ሁለታችሁም ያላነሳችሁት አለ። ያገባ ሰው ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም፤ የትዳር ጓደኛን ልጅ ከመሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር ባልና ሚስት አብረው ነው የሚያመለክቱት። መዝገቡ ላይ የባለቤትሽ ስም ከሌለ ሰኔ ላይ ሌላ ቀጠሮ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

እሱ ካልመጣ በአሜሪካ ባለው ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላ ውክልና ይስጥ። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። ስለዚህ የጉዲፈቻው ጉዳይና የልጅቷ ሙሉ ስም በግልጽ ይጻፉበት። ዳኛው በአካል ይቅረብ ካለ ውክልናው አይተካውም፤ ትኬቱን የማይቀየር አድርጎ አይቁረጥ።

ለገጣፎ ደግሞ ሸገር ከተማ ነው፣ ማለትም ኦሮሚያ። የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የፍርድ ቤቱም ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ያሉሽን ማስረጃዎች በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሚ። በ2014 የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ከተካለለ ወዲህ ዳር ዳሩ ላይ ያለ ሰው የመታወቂያው ወረዳና የቤቱ ወረዳ እየተለያየበት «ሥልጣን የለንም» ይባላል፤ ይህን ከቀጠሮው በፊት አጥሪ።

እናትየው ስላረፈች የአባት ስምምነት ይበቃል፤ ግን የሞት የምስክር ወረቀቷ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣ ይሁን። የዕድር ደብዳቤ ኤምባሲ ላይ አያስኬድም።

ክረምቱንም አስቢው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ይዘጋሉ፤ ያንቺ ችሎት መቼ ለዕረፍት እንደሚገባ መዝገብ ቤቱን ጠይቂ። አንድ ሰነድ ጎድሎ ጉዳዩ ከሐምሌ ካለፈ ጥቅምት ነው የሚታየው፤ ያን ጊዜ አንቺ ከወጣሽ 1 ዓመት አልፎሻል። ያ ከመጣ ውሳኔ ሳትጠብቂ በዕረፍቱ ሂጂ፣ ፐርሚቱን አመልክተሽ ለጥቅምት ተመለሺ።

የለገጣፎ ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገቡ ላይ የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ነገ አስተካክላለሁ። ባለቤቴ የዜግነት ማመልከቻ አስገብቷል፣ ቃለ መጠይቁም ደርሷል። ችግር አለው?

የመዝገብ ቤት ሰው

አለው፣ ከባድ ነው። አዋጅ 1070/2010 ከወጣ ጀምሮ የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ መውሰድ አይችልም። በዜግነት አዋጁ 378/1996 ደግሞ ሌላ ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። የአሜሪካ ዜግነት መሐላውን ከውሳኔው በፊት ከፈጸመ በፍርድ ቤቱ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ቢኖረውም ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም። ቃለ መጠይቁን ወይም መሐላውን እንዲያዘገዩለት በጽሑፍ ይጠይቅ። ከውሳኔው በኋላ ግን ዜግነቱ ይጠቅማችኋል፤ የአሜሪካ ዜጋ ልጅ ዓመታዊ የቪዛ ኮታ አይጠብቅም።

ሰነድ አዋቂ

እኔም አንድ ልጨምር፣ የቀን አቆጣጠር። ልጅቷ መስከረም 1 ቀን 2012 የተወለደች ብትሆን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው፤ ጳጉሜን 2011 ላይ 6 ስለነበረች። ተርጓሚዎች በልማድ 11 ይጽፋሉ። የልደት ካርዷ፣ ውሳኔውና ፓስፖርቷ ላይ ቀኑ በአንድ ከተለያየ ኤምባሲው ፋይሉን ይመልሰዋል። የአያት ስም አጻጻፍም እንዲሁ። ውሳኔው ሲወጣ ቢያንስ 3 የተረጋገጠ ግልባጭ ውሰጂ፤ ማኅተሙ ሳይደርቅ እዚያው ቆመሽ ስሞቹን በፊደል አመሳክሪ፤ ስህተት ካለ ከማረሚያ ማመልከቻ በፊት አውሮፕላን አትሳፈሪ።