የድሮ የጎረምሳ ተኩላ ፊልም ማየት ለምትፈልጉ፦ ከየትኛው ልጀምር ላላችሁኝ

ሰሞኑን ሦስት አራት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆኛል። «ጎረምሳው ወደ ተኩላ የሚለወጥበት የድሮ ሆረር ጠቁመን፣ ግን ጊዜያችንን የማይበላ ይሁን» የሚል። እሺ። እነዚህን ፊልሞች ከልቤ ነው የምወዳቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ፀጉሩንና ጥርሱን ብዙ አትዩ። የዚያን ዘመን ሜካፕ የዛሬን ተመልካች አያስደነግጥም። ይልቅ ልጁ «አንድ ነገር እየሆንኩ ነው» ሲል ማን እንደሚሰማው እዩ። እኔ ፊልሞቹን የማበላልጠው በዚህ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከ1957ቱ «አይ ዋዝ አ ቲንኤጅ ዌርዎልፍ» ጀምሩ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 76 ደቂቃ ብቻ። ዋናው ተዋናይ ማይክል ላንደን ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ «ቦናንዛ» በሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ታዋቂ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሙን ያወጣው አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ በትንሽ ገንዘብ ለወጣቱ ፊልም የሚሠራ ድርጅት ነበር። ትልልቆቹ ቤታቸው ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ ሲኒማ የሚገባው ወጣቱ ነበርና፣ ፊልሙ ጥሩ ሸጠ።

ላንደን የሚሠራው ልጅ፣ ቶኒ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው። ግን ቶሎ ደሙ ይፈላል። ከኋላው ሰው ከነካው ወይም ካስደነገጠው መያዣ የለውም። እናቱ የለችም፤ አባቱ ደግ ነው፣ ግን ሥራ ላይ ነው። ሁሉም ሰው «ሐኪም ጋ ሂድ» ይለዋል። ለብዙ ጊዜ አሻፈረኝ ካለ በኋላ ሄደ። ሐኪሙ ግን ሊያድነው አልነበረም፣ ሊሞክርበት ነበር። መርፌ ይወጋዋል፣ በሂፕኖሲስ ያስተኛዋል፣ ወደ ጥንተ አውሬነቱ ይመልሰዋል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያመኛል። ልጁ የታዘዘውን አደረገ፤ የጎዱትም እርዳታ ፍለጋ የሄደባቸው ሰዎች ናቸው።

የጂምናዚየሙን ትዕይንት ሳታዩ እንዳትተኙ። ቶኒ በር ላይ ቆሟል። ውስጥ አንዲት ተማሪ ብቻዋን በብረቱ ላይ ተዘቅዝቃ ስፖርት ትሠራለች። ከጭንቅላቱ አጠገብ የትምህርት ቤቱ ደወል ይጮኻል። ጨረቃ የለም፣ ሌሊት አይደለም፤ ቀን ነው፣ ደወል ነው። ፊቱ ይለወጣል። ልጅቷ የምታየው ተገልብጣ ነው፣ አውሬው ለእሷ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ነው። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር ትንፋሼ ቀጥ ይላል።

ፖሊስ ጣቢያ ያለውን ሽማግሌ ጽዳት ሠራተኛም ልብ በሉት። ከካርፓቲያ ተራሮች የመጣ ሰው ነው። የሬሳውን ፎቶ አይቶ ገና ማንም ሳይገባው እሱ ይገባዋል፤ በአገሩ የሚወራ ነገር ነውና። ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። በእኛ ዘንድ ተኩላው ጅብ ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው የተባሉት ደግሞ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በዚህ ወሬ ስንቱ ተገልሎ ኖረ። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ፊልም ሳይ «ማነው አውሬው?» ከሚለው ይልቅ «አውሬ ነው ያለው ማነው?» የሚለው ነው የሚያሳስበኝ።

ቀለል ያለ ለምትፈልጉ የ1985ቱ «ቲን ዎልፍ» አለ። ማይክል ጄ ፎክስ ነው የሚሠራው። እውነቱን ለመናገር ሆረር አይደለም፣ ኮሜዲ ነው። ልጁ ተኩላ ሲሆን ቅርጫት ኳስ ይችላል፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይወደዋል። ለመፍራት ብላችሁ ከከፈታችሁት ታዝናላችሁ። ግን አንድ ቦታ አለ፣ ለእሱ ብቻ ብላችሁ እዩት። ልጁ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆልፏል። እጁ ፀጉር አውጥቷል፣ ጆሮው ሾሏል። አባቱ ያንኳኳል፣ ክፈት ይላል። ልጁ በድንጋጤ አልከፍትም ይላል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ይከፍተዋል። በሩ ላይ የቆመው አባትም ተኩላ ነው። ከ1957ቱ ቶኒ ጋር አስተያዩት። ቶኒ እንዲህ ያለ በር አላገኘም። ሁለቱን በአንድ ምሽት፣ በዚህ ቅደም ተከተል ብታዩ ይገባችኋል። የ1987ቱን ተከታይ ግን እለፉት፤ አዲስ ነገር የለውም።

ፍርሃትም ቤተሰብም አንድ ላይ ከፈለጋችሁ «ሲልቨር ቡሌት» ነው፣ እሱም የ1985 ነው። ከአስፈሪ ታሪኮች ደራሲው ከስቲቨን ኪንግ ታሪክ የተሠራ። እዚህ ልጁ ተኩላ አይደለም፤ ተኩላውን ያየው እሱ ነው። ማርቲ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ ነው። አንድ ሌሊት አጎቱ በሰጠው ርችት የአውሬውን ዓይን ይመታል። ቢናገር ማን ያምነዋል? ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ። የምታምነው ስትነታረከው የኖረችው እህቱ ጄን ናት። ጠርሙስና ጣሳ ልሰብስብ ብላ በየቤቱ እየዞረች አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ትፈልጋለች። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ተኩላው ራሱ ድብ ነው የሚመስለው፣ እሱን ይቅር በሉት። የእህትና ወንድሙ ነገር ግን ከብዙ ውድ ፊልሞች ይበልጥብኛል።

የአያት ተረት የምትወዱ የ1984ቱን «ዘ ካምፓኒ ኦፍ ዎልቭስ» ሞክሩ። ዝግ ያለ ነው፣ እንደ ሕልም ይሄዳል። አያትየዋ ለልጅቷ ሻል እየሠራች «ቅንድቡ የተጋጠመ ወንድ እንዳታምኚ» ትላታለች። ለሁሉም ሰው አይሆንም። ቸኩላችሁ ከሆነ ለሌላ ቀን አቆዩት።

የመጨረሻው «ጂንጀር ስናፕስ» ነው፣ የካናዳ፣ የ2000 ዓ.ም.። ድሮ ለማለት ትንሽ ቢያስቸግርም ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። ጂንጀር የመጀመሪያ የወር አበባዋ በመጣበት ምሽት በአውሬው ትነከሳለች። ከዚያ በኋላ ሰውነቷ ላይ የሚሆነው ሁሉ፣ ሕመሙም፣ ፀጉሩም፣ ቁጣውም፣ ለትልልቆቹ አንድ መልስ ነው ያለው፤ «ማደግ ነው፣ የተለመደ ነው»። ነገሩ ሌላ መሆኑን መጀመሪያ የምታውቀው ታናሽ እህቷ ብሪጅት ናት። ብሪጅት መድኃኒት ፍለጋ የምትሮጠውን ሩጫ ሳይ አልቅሻለሁ። በፍርሃትም በሐዘንም ከሁሉም በላይ የማስቀምጠው ይሄን ነው። ግን ደሙ ብዙ ነው፣ አደንዛዥ ዕፅና ወሲብም አለበት። ትናንሽ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት።

ሴት ልጅ ተኩላ የምትሆንበት ሌላ የድሮ ፊልም የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እኔ ይሄንኑ እየፈለግኩ ነው።