ለሁለት ሰው የሚሆን የቤት ውስጥ ቢሮ፦ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ወይስ ሁለት?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከሥራችን ግማሹን ከቤት ሆነን የምንሠራ ሲሆን፣ እርሷ የሒሳብ መዝገብ ትይዛለች፤ እኔ ደግሞ ተማሪዎችን በኢንተርኔት አስጠናለሁ። ለዚሁ የለቀቅናት ክፍል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 3 ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 3 ሜትር ከ20 ስትሆን፣ መስኮቷ በምሥራቅ፣ በሯ በምዕራብ በኩል ነው። ባለፈው ዓመት በሰሜኑ ግድግዳ ልክ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ጠረጴዛ ከቺፑድ አሠርተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስድስት ወር ሳይሞላው መሐሉ ረገበ፤ እስክሪብቶ ሲቀመጥበት ተንከባልሎ ወደ መካከል ይመጣል። ከዚህ ይልቅ ያስመረረኝ ግን ባለቤቴ ቁጥር ስታስገባ የእኔ ኮምፒውተር አብሮ መንቀጥቀጡ ነው፤ ካሜራውም ስለሚንቀጠቀጥ አንድ ተማሪ «መምህር፣ እናንተ ጋ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። አሁን እንደገና ልናሠራ ስላሰብን፣ አንድ ጠንካራ ረጅም ጠረጴዛ ይሻላል ወይስ ሁለት የተለያዩ? እግሩንስ በአካባቢያችን እንደ ልብ ከሚገኘው ባሕር ዛፍ ብናሠራው?

ምላሽ፣ ከአንድ የደብረ ብርሃን አናጺ

ወንድሜ፣ አንድ ሙሉ ቺፑድ 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22 ስለሆነ፣ የ3 ሜትር ጠረጴዛ ያለ መጋጠሚያ አይወጣም። የረገበው መጋጠሚያው አጠገብ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱት። 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ደግሞ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ከተዘረጋ፣ መጋጠሚያ ባይኖረውም ውሎ አድሮ መርገቡ አይቀርም።

እኔ ብሆን ሁለት አሠራለሁ። ከአንድ ቺፑድ 120 በ60 የሆኑ አራት ቁራጮች ይወጣሉ፤ ሁለት ሁለቱን ደርቦ በኮላ በማጣበቅና እስኪደርቅ አጥብቆ በማሰር 36 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ገበታዎች ይገኛሉ። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው እጥፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ስምንት እጥፍ ስለሚደርስ፣ የአንድ ተጨማሪ ቺፑድ ዋጋ ሳይወጣ የመርገቡ ነገር ያበቃል። 60 ሳንቲ ሜትር ለትልቅ ስክሪን ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ጠረጴዛዎች በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ሲቆሙ በመካከል ለሁለት ወንበር 2 ሜትር ስለሚተርፍ ጥበቱን እቀበለዋለሁ። ትክክል ፊትና ኋላ አያድርጓቸው። የባለቤትዎ በደቡቡ ግድግዳ ወደ መስኮቱ ይጠጋ፤ ብርሃኑ በግራዋ ስለሚመጣ፣ በቀኝ እጇ የምትጽፍ ከሆነ የእጇ ጥላ ወረቀቷ ላይ አያርፍም። የእርስዎ በሰሜኑ ግድግዳ ወደ በሩ ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ ወንበሮቹ አይጋጩም፣ ካሜራዎም የእርሷን ጀርባ አያሳይም።

በባሕር ዛፉ አልስማማም። ለቤት ማገር ግሩም ነው፤ ለጠረጴዛ እግር ግን እርጥቡን ከሠሩበት ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃልም። በእኛ ልማድ ለ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ይህን ያህል የሚጠብቅ ሻጭ ደግሞ ብዙም አላጋጠመኝም። ባለ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ያስበይዱ።

ምላሽ፣ ከሸዋ ሮቢት

በብረቱ እስማማለሁ፤ ሆኖም ገበታውን ከቺፑድ ይልቅ ከዋንዛ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ካለ የእኔን ይስማ። እኔና እኅቴ በሐምሌ ደብረ ብርሃን ያሠራነውን የዋንዛ ጠረጴዛ ወደዚህ ወደ ቆላው አወረድነው። ባለሙያው ጣውላውን ከብረቱ ጋር በጠባብ ቀዳዳ በብሎን ጥርቅም አድርጎ አስሮት ነበርና፣ በጥር ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። እንጨት የሚኮማተረው በወርዱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በብረቱ ላይ ያለው የብሎን ቀዳዳ በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ ቢሆን ኖሮ ጣውላው ሳይሰነጠቅ ይንቀሳቀስ ነበር።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መጋጠሚያው እንደተባለው ከረገበበት ቦታ አራት ጣት እንኳ አይርቅም። ተቀምጠን ክርናችን ከወለል ያለውን ከፍታ ስንለካ የእኔ 72፣ የባለቤቴ 65 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሁለቱም ጠረጴዛ እንደተለመደው 75 ቢሆን ይሻላል ወይስ በየልካችን?

አናጺው

በየልካችሁ ይሁን፤ ረጅሙን ጠረጴዛ የተቃወምኩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፣ አንድ ገበታ ሁለት ከፍታ አይኖረውም። የእርሷ 65 ከሆነ ግን 36 ሚሊ ሜትሩ ገበታና 40 ሚሊ ሜትሩ ብረት ተደምረው ለጭኗ የሚተርፈው 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሥሩ መሳቢያ አይደረግበት፤ መሳቢያው ለብቻው በኮመዲኖ ይሠራ፣ የፊቱም ብረት ከገበታው ጠርዝ ወደ ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ይግባ። ደግሞ ስትለኩ ምን ተጫምታ እንደነበር ይጠይቋት፤ ቤት ውስጥ የምትሠራው በነጠላ ጫማ ከሆነ በዚያው እንደገና ለኩ።