«ተን ቱ ናይን» ሲባል ጆሮዬ ይደናበራል፤ ምን ልለማመድ?

እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። ሰዓት መናገር ብዙም አያስቸግረኝም። 8:50 ከሆነ ቁጥሮቹን በተራ «ኤይት ፊፍቲ» ብዬ እገላገላለሁ። ሁሉም ይረዳኛል።

ችግሩ ስሰማ ነው። እስከ 30 ደቂቃ ድረስ «ፓስት» ስለሚሉ ደህና ነኝ። ከዚያ በኋላ «ተን ቱ ናይን» ይመጣል። «ናይን»ን ስሰማ ሐሳቤ እዚያው ዘጠኝ ላይ ይቀራል። 8:50 መሆኑን ቀንሼ እስክደርስበት ተናጋሪው ሌላ ወሬ ጀምሯል። እንግሊዞች ደግሞ «ሃፍ ናይን» ሲሉ 9:30 ማለታቸው ነው። አንዳንድ አሜሪካኖች «ተን ኦፍ ናይን» ይላሉ፤ ያው 8:50 ነው። ይቺን «ኦፍ» ማን እንዳመጣት እንጃ!

የሰዓት ሥዕል እያየሁ ጮክ ብዬ ማንበብ ሞከርኩ። ለመናገር ጠቅሞኛል፤ ለመስማት ግን ጠብ አላለልኝም። ድምፁን አዘግይቼ ሳዳምጥ ይገባኛል። ወደ መደበኛው ፍጥነት ስመለስ ያው ነኝ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ የጎደለኝ ፍጥነት ነው።

በዚህ ያለፋችሁ፣ ሳትቀንሱ ሳትደምሩ ሰዓቱ እንደሰማችሁት እንዲገባችሁ ያደረጋችሁ ልምምድ የትኛው ነው?