ዝቃጩ በዛብን፤ በምን እንቀንሰው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ኮንዶሚኒየም ፍሳሽ ማጣሪያ ኦፕሬተር ነኝ። አየር እየነፋን በባክቴሪያ ነው የምናጣራው። ከፍሳሹ የሚዘቅጠውን ጭቃ፣ ማለትም ዝቃጩን፣ የምናሰጣበት ማድረቂያ በበጋ ይበቃናል። ክረምት ሲገባ ግን አይደርቅም፣ አዲሱን የምናፈስበት እናጣለን። በመኪና አስጭኖ ማስወሰዱ ደግሞ ወጪው አልተቻለም። የአየር ገንዳው 500 ሜትር ኩብ ነው፤ በሊትር 3 ግራም ዝቃጭ አለው። ከማዝቀጫው፣ ዝቃጩ ከውሃው ከሚለይበት ገንዳ፣ ሥር በቀን 10 ሜትር ኩብ እናወጣለን። አዲስ ማሽን የሚገዛልን የለም። ባለን ነገር ምን ይደረግ?

የፈረቃ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃውን ቀንሺ። የምታወጪው ዝቃጭ ጠጣሩ 1 በመቶ ገደማ ከሆነ፣ 10 ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር 100 ኪሎ ብቻ ነው። ወደ 2 በመቶ ብታወፍሪው 5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ማድረቂያው ላይ የሚፈሰው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ሥራ የፈታ ትልቅ ሮቶ ካላችሁ እዚያ ሙሉትና ጥቂት ሰዓት ይቀመጥ። ከላይ የጠራውን ውሃ ወደ መግቢያው መልሺ፣ ወፍራሙን ወደ ማድረቂያው ላኪ። አታሳድሪው ግን። ጋዝ ይፈጥርና ተመልሶ ይንሳፈፋል፣ ሽታውም አያስቆምም።

ጡረተኛው ኢንጂነር፦ ልጄ፣ እሱ ያለሽ ልክ ነው። እኔ ደግሞ የዝቃጩን ዕድሜ ልጨምርበት። ገንዳው ውስጥ 1,500 ኪሎ አለ፤ በቀን 100 ኪሎ ታወጫለሽ። ዕድሜው፣ ማለትም ገንዳው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ፣ 15 ቀን ነው። ወደ 25 ቀን ብታደርሺው ባክቴሪያዎቹ ምግብ ሲያጥራቸው የራሳቸውን አካል ይበላሉ፤ የሚወጣውም ደረቅ ነገር ያንሳል። በግማሽ ይቀንሳል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ኦክስጅንም ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አየር መንፊያው ብሎወር ቆላ ላይ የሚሰጠውን ያህል ኦክስጅን አይሰጥሽም። ገንዳው ውስጥ በሊትር 2 ሚሊግራም እንዳይጎድል ለኪ። የምታወጪውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀንሺ። አንድ ሊትር በሲሊንደር ቀድተሽ 30 ደቂቃ አስቀምጪ። የዘቀጠውን ሚሊሊትር በሊትር ላለው ግራም፣ ለ3 አካፍይ። 100 አካባቢ ጥሩ ነው፤ 150 ካለፈ ዝቃጩ በደንብ አይዘቅጥምና መቀነሱን አቁሚ። ዝቃጩ በማዝቀጫው ጠርዝ አልፎ ከወጣ ወንዝ ገባ እንጂ አልቀነሰም።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሞከርኩት። 30 ደቂቃ ላይ 420 ሚሊሊትር ላይ ቆመ፣ ማለትም 140። ከላይ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሲሊንደሩ ታች ግን ስስ ጥቁር አሸዋ አየሁ። ደግሞ አንድ ነጋዴ ዝቃጭ የሚያጠፋ የባክቴሪያ ዱቄት ልሽጥላችሁ እያለን ነው። ልግዛ?

ቧንቧ ሠሪው፦ ዱቄቱን አትግዢ። ገንዳሽ ውስጥ ባክቴሪያ ሞልቷል፤ ብሩን ለሌላ አድርጊው። አሸዋው ግን ትልቅ ነገር ነው። አሸዋን የሚበላ ባክቴሪያ የለም፤ የገባው ሁሉ ዝቃጭ ሆኖ ይቆጠራል። ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት የፍሳሽ ማንሆሎቹን ከፍተሽ እዪ። የጣሪያ ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር የገባበት ብሎክ ካለ ወዲያው ይታወቃል። እሱን አስለዪ፣ አሸዋ መያዣውንም አስጠርጊ። ማድረቂያው ላይ ደግሞ የአበባ እርሻዎች የሚያለብሱትን ላስቲክ ጎኑን ክፍት አድርገሽ ወጥሪበት። ዝናቡን ይከለክላል፣ ንፋሱ ያልፋል። ግማሽ በደረቀው ላይ ትኩሱን አታፍስሺ።

የፈረቃ ሠራተኛ፦ 140 ላይ ከሆንሽ ዕድሜውን ለመጨመር ብዙ ቦታ የለሽም። ማወፈሩንና ላስቲኩን አስቀድሚ። አዲስ ለሚያስገነቡ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ኦክስጅን በማይፈልጉ ባክቴሪያዎች መጀመር ዝቃጭን ከምንጩ ይቀንሳል። ብክለቱ ብዙው ሚቴን ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ የሚያድገው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ነው። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው የቃሊቲው ጣቢያ የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው።

ጠያቂዋ፦ ነዋሪዎቹ የደረቀውን ለጓሮ አትክልት ስጡን ይላሉ። ብሰጥ ቦታ ይለቅልኝ ነበር።

ጡረተኛው ኢንጂነር፦ አሁን አትስጪ። የወስፋት እንቁላል መድረቅን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ አካባቢ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ተከማችቶ መቆየት አለበት ይላል፤ አዲስ አበባም እዚያ ውስጥ ናት። ሰላጣና ካሮት ላይ የሚደርስ ከሆነ ልጆች ይታመማሉ። ጥግ ላይ ከልለሽ፣ የተከመረበትን ቀን ጽፈሽበት አቆዪው። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አትቀላቅዪ።