ናዳ፣ መንሸራተት፣ መናድ፦ የቱን የት እንበል?

ከኮምቦልቻ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1984 ምርጫ ከ50 ግዛቶች 49ኙን ማሸነፉን «ላንድስላይድ» (ቃል በቃል የመሬት መንሸራተት) ይለዋል። «በናዳ አሸነፈ» ልበል ወይስ «የመሬት መንሸራተት ድል»? ሁለቱም ጆሮዬን ቆረቆሩኝ።

ከደሴ፦ ወንድም ዓለም፣ ጆሮህ ልክ ነው። ሁለቱንም ተዋቸው። «በሰፊ የድምፅ ልዩነት አሸነፈ» በቂ ነው። ሞቅ እንዲል ከፈለግህ «በዝረራ» አለልህ፤ ከቦክስ ሜዳ የመጣ ቢሆንም ሁሉም ይረዳዋል።

ናዳ ለድል የማይሆነው እኛ ዘንድ ሁሌም ከሥሩ ሰው ስላለ ነው። «የስድብ ናዳ አወረደበት» እንላለን። «የጥያቄ ናዳ ወረደበት»፣ «የትችት ናዳ ወረደባት»። ግሱን ተመልከተው፤ «በት» እና «ባት» አይለዩትም። ቃሉ የሚያየው የሚወርድበትን ሰው እንጂ አውራጁን አይደለም። ድሮ አምባ ላይ የመሸገ ሰው ቋጥኝ እያንከባለለ ከታች በሚመጣው ጠላት ላይ ናዳ ይለቅ ነበር። አምባሰልን ቀና ብሎ ያየ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል።

በቀጥተኛ ትርጉሙም ቢሆን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ናዳ ከገደል ተገንጥሎ በአንዴ የሚወርድ ድንጋይና አፈር ነው። መንሸራተት ሰፋ ይላል፤ ቀስ ብሎ የሚሄደውንም ይይዛል። እኛ ደሴዎች ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገት ላይ ነው የምንኖረው። ክረምት ላይ ልቅ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ መያዣ ያጣል። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትታያለች። ቀጥሎ በሩ አልዘጋ ይላል። ይሄን ማንም ናዳ አይለውም፤ «መሬቱ እየተንሸራተተ ነው» ነው የሚባለው። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች ላይ አፈሩ ዳግመኛ ተደረመሰ፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እዚያ ላይ «መንሸራተት» ሲባል ስሰማ ቃሉ ይቀልብኛል። ጭቃ ላይ እግሩን የሳተ ሰውም እኮ ተንሸራተተ ይባላል።

ከወልድያ፦ እህት ዓለም፣ ጥሩ ብለሻል። ግሱን ልጨምር። ናዳ የመጣው «ናደ» ከሚለው ነው። ካብ ይናዳል፣ ክምር ይናዳል፣ ክረምት የበላው እርከን ይናዳል። ክስ ላይ የምንሰማው «ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በኃይል ለመናድ» የሚለውም ከዚሁ ነው፤ ሥርዓት እንደ ካብ የተደረደረ ነገር መሆኑ ነው። «ተናደደ» ግን ዘመድ አይደለም። እሱ ከ«ነደደ» የመጣ ነው፣ የእሳት ወገን። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ «በተፎካካሪው በዋልተር ሞንዴል ላይ የድምፅ ናዳ ወረደበት» ብልስ?

ከደሴ፦ አሁን አማርኛ ሆነ! ተሸናፊውን ከሥር አስገባኸው። ለአምድ ጽሑፍ ያምራል። ዜና ከሆነ ግን «በሰፊ የድምፅ ልዩነት» በለውና እለፈው።